ራቤል ድረስ የወሰድኩት የእንግዳ ውስኪ

እኅቶቼ፣ ከመንዝ በተመለስኩ ማግስት በማኅበራችን ቀን ከብባችሁ ስትጠይቁኝ «በደኅና ሄጄ በደኅና መጣሁ» ብቻ ብዬ ዝም ያልኩት ሰስቼ አይደለም። ጽዋው እስኪዞር ድረስ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ነው። አሁን አሠሪዬ ማዳም ወደ ተራራው ቤታቸው ወጥተው ቤቱ ጸጥ ስላለልኝ ጻፍኩት። ከመካከላችን የወሎ ልጅ አለች፣ የአርሲ አለች፣ የወላይታ አለች፤ መንዝን አይታለች የምላት ግን የለችም። ስለዚህ መንገዱን ከነጎርባጣው እነግራችኋለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ መጨረሻው ላይ የማስቸግራችሁ ነገር አለ።

የሄድኩበትን ጉዳይ ታውቃላችሁ። ልጄ ደረጀ አባቱን አያውቅም፤ ሳይወለድ ነው የሞተበት። እኔም ሦስት ዓመት ሲሞላው ለታላቅ እኅቴ ትቼው ወደ ቤሩት መጣሁ። አሁን ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ዘመሮ ላይ በርና መስኮት ይሠራል። በዚህ ሁሉ ዘመን ጫማ ላኪልኝ ብሎኝ አያውቅም። ባለፈው ፋሲካ ግን ደወለና «ራቤል አንዲት ልጅ ወድጃለሁ። ሽማግሌ ልልክ ነው። አባት የለኝም፤ እናት አለችው እንዲሉኝ ነይ» አለኝ። ከወለድኩት ጀምሮ የጠየቀኝ ይኼን ብቻ ነው።

አሁን ስለ ውስኪው ልንገራችሁ። ሃያ አንድ ዓመት ውስኪ ቀዳሁ እንጂ ቀምሼ አላውቅም። ግን ማን የትኛውን መቼ እንደሚወድ ብትጠይቁኝ ከሻጩ እበልጣለሁ። የቤቱ ጌታ ሚስተር፣ እንግዳ ሲመጣ ከእንጨት ሣጥን የሚወጣውን ያስቀዳሉ። እንግዳው ሄዶ ብቻቸውን በረንዳ ላይ ሲቀመጡ ርካሹን ነው የሚጠጡት። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ተማሪ ሳለሁ የምችለው ይህን ብቻ ነበር፤ ምላሴ እዚያው ቀረ» አሉኝ። ማዳም ደግሞ ልጃቸው ካናዳ የሄደ ለት ሻይ ውስጥ ጠብ ያደረጉትን ዓይነት ካልሆነ ሌላውን አይነኩም። የአገሩ ገንዘብ የረከሰ ጊዜማ ርካሹን በውዱ ጠርሙስ እንድገለብጥ ታዘዝኩ፤ እንግዶቹም «ይኼማ ሌላ ነው» እያሉ ጠጡት። ለንስሐ አባቴ ብናገር «ገልባጯ አንቺ፣ አዛዡ እሳቸው፤ ስግደቱን ለሁለት ተካፈሉት» አሉኝ። የሚስተርንም ድርሻ እኔው ሰገድኩ።

ለሽምግልና እንደምሄድ ስነግራቸው ሚስተር ሁለት ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አቆሙልኝ፤ ባለ ሣጥኑንና የበረንዳውን።

«አማችሽ የሚሆነው ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«አላውቃቸውም።»

«እንግዲያው ይህን ውሰጂ» ብለው ርካሹን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። እኔ ግን በርካሽ መጠጥ የሰው ልጅ ትጠይቃለች እንዳልባል ባለ ሣጥኑን አነሣሁ። ማሸጊያውን ሦስት ጊዜ አገላብጬ አየሁት፤ በገዛ እጄ የገለበጥኩት እንዳይሆን ፈርቼ።

ሐሙስ

ከአዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ረዳቱ ዕቃዬን ፖርቶ መጋላ ላይ ሊወረውረው ሲል ሣጥኑን በነጠላ ጠቅልዬ ታቀፍኩት።

«እትዬ፣ ታቦት ነው እንዴ እንዲህ የታቀፍሽው?»

«በታቦት አይቀለድም፣ ልጄ።»

ደነገጠ መሰለኝ፣ ጋቢና አስቀመጠኝ። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስም አንዳንዴ ዘወር እያለ «ይቅር በይኝ» ይለኝ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ የመሐል ሜዳውን መኪና ከመያዛችን በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን ሦስት ሰው ጠየቅን፤ እንዲህ ነው አሁን የሚኬደው። ጣርማ በርን አልፈን ጉም ውስጥ ስንገባ ጎማው ፈነዳ። ቤሩት ቢሆን ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩምባ ሲነፋ ጆሮ ይደነቁር ነበር። እዚያ ግን ማንም ሳይናገር ሁሉም ወረደ፤ እያንዳንዱም ለጎማው የሚሆን ድንጋይ ይዞ መጣ። አንዲት የማላውቃት ሴት የጋቢዋን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝና ጎማው እስኪቀየር ድረስ በአንድ ጋቢ ቆምን። አንድ አዛውንት በሶ በጥብጠው በጣሳ አዞሩ። እኔ ጋ ሲደርስ ሐሙስ መሆኑን በልቤ ቆጥሬ ጠጣሁ። በሶ እንደማይገድፍ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

መሐል ሜዳ አደርኩ። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ብርዱ እንዳይጎዳኝ ብላ ከራሷ አልጋ ላይ ባና አንሥታ ደረበችልኝ። ባና የማታውቁት ካላችሁ፣ ከበግ ጠጉር የሚሠራ የመንዝ ብርድ ልብስ ነው። የማዳም ብርድ ልብስ ደመና ነው፤ ባና ግን እንደ ዘመድ ይጫናችኋል። ሴትዮዋ ሣጥኑን አይታ «ዳዊት ነው?» አለችኝ።

«ውስኪ ነው።»

አንገቴ ላይ ያለውን መስቀል አየች፣ ሣጥኑን አየች። «አይ ጊዜ» ብላ በሩን ዘጋችልኝ።

ዓርብ

ዘመሮ ስደርስ ገበያ የለም፣ ከተማው ጭር ብሏል። እኅቴ ዘነቡ ገና ከሩቅ አይታኝ እልል አለች። ደረጀ አቅፎኝ ቶሎ ለቀቀኝ። እሷን «እማ» ይላታል፣ እኔን «አስካለ»። አልቀየምም፤ የዘራሁት ነው። ሽሮ በልተን ስናበቃ ሣጥኑን አወጣሁለት። ክዳኑን ከፈተው፣ ዘጋው፣ ማዕዘኑን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ምስማር የለውም» አለ። «ጥርስ በጥርስ ነው የተያያዘው።»

«ውዱኮ ውስጡ ያለው ነው፣ ልጄ።»

«ይሁና» አለ፤ ዓይኑን ግን ከእንጨቱ አላነሣም።

ሽማግሌ የሚሆኑልን ሁለቱ ከሰዓት መጡ። አንዱ ጎረቤታችን ቄስ ላቀው ናቸው፤ ሌላው የሟች ባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ተክሌ። ጋሽ ተክሌ አረቄ የሚወድ፣ መውደዱንም የማይደብቅ ሰው ነው። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ዞር ዞር አደረገው።

«ይኼን ሳንቀምስ ነው ለሰው አባት የምንሰጠው? የተበላሸ ቢሆንስ?»

«ታሽጓልኮ ጋሼ።»

«የታሸገ ሁሉ ደኅና ነው? ሬሳም ይታሸጋል።»

«ተክሌ፣ ዛሬ ዓርብ ነው» አሉ ቄስ ላቀው።

«ዓርብ ቢሆንስ አባ? ገብስ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። የገብስ ነገር የሚገድፈው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ጠርሙሱን ከእጁ ነጠቅሁና ወደ ሣጥኑ መለስኩት።

ቅዳሜ

አራታችንም፣ ማለትም ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ደረጀና እኔ፣ በመሐል ሜዳ በኩል ወደ ራቤል ተጓዝን። መንገዱ የጓሳን ሜዳ ይዞ ነው የሚሄደው። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንም ለገመድም የሚሆን ነው። ግን ዝም ብሎ አይታጨድም፤ አገሬው ራሱ ይዘጋዋል፣ ራሱ ይከፍተዋል። ሳይከፈት ማጭድ ያስገባ ሰው ይቀጣል። ቤሩት እያንዳንዱ ደጅ ቁልፍ አለው፤ እዚያ ዓይን የማይደርስበት ሜዳ በሰው ቃል ብቻ ተዘግቶ ያድራል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፣ ለመኪናም ቀና አይሉም። ለአፍታ ወርደን ስንቆም ነፋሱ አጥንት ድረስ ገባ።

«ጋሽ ተክሌ፣ ከአረቄና ከውስኪ የቱን ይመርጣሉ?» ብዬ ለወሬ ያህል ጠየቅሁ።

«የት ሆኜ?»

«እንዴት የት?»

«ቤቴ ከሆንኩ አረቄ። ሰው ቤት ከሆንኩ የሰጡኝን። ጓሳ ላይ ቆሞ ሁለቱን የሚለይ ሰው ካለ ብርዱ ገና አልነካውም ማለት ነው» ብሎ ሣጥኑን በጎን ዓይኑ አየው። ሃያ አንድ ዓመት እየቀዳሁ የተማርኩትን እሱ በአንድ አፍ ጨረሰው።

ራቤል የቄስ ላቀው ዘመድ የሆነች ባልቴት ቤት አደርን። መደቧን ለእኔ ለቀቀችና እሷ ምድጃው ዳር ተኛች። እንቢ ብላት «አንቺ ነገ ልጅ ልትጠይቂ ነው፤ እኔ ነገ ምን አለብኝ?» አለችኝ።

እሑድ

ቅዳሴ ካስቀደስን በኋላ ሽማግሌዎቹ ሣጥኑን ይዘው ወደ ልጅቷ አባት ወደ አቶ አበጋዝ ቤት ሄዱ። የወንዱ እናት አብራ መሄድ ደንብ ስላልሆነ እኔ ባልቴቷ ዘንድ ቀረሁ። ደረጀ ከውጭ ጣራው ሥር ቆሞ ትንሽ እንጨት በቢላዋ ይፍቃል። ምን እየሠራህ ነው ስለው «ምንም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እንጨቱ እያለቀ ነበር።

ቶሎ ተመለሱ። ቶሎ መመለስ ደግሞ ለሽማግሌ ደግ አይደለም። ሣጥኑ ጋሽ ተክሌ ጋቢ ሥር ነው።

«አልተቀመጥንም» አለ ጋሽ ተክሌ፣ ሲቀልድ የኖረው ሰው ቀልዱ ጠፍቶበት። «ገና ሣጥኑን ሲያይ ተነሣ። የልጁ እናት ናት ያመጣችው ብንለው 'ይኼን ያመጣችው ሴት ራሷ ትምጣ' አለ።»

«ተቆጡ?»

«መቆጣትስ አልተቆጣም» አሉ ቄስ ላቀው። «ፊቱ ነው የተለወጠው። ደንብም ባይሆን ሂጂ፣ ልጄ።»

ደረጀ ቀና ብሎ አየኝ። ሣጥኑን አቅፌ ወጣሁ፤ «አቤቱ፣ ለአፌ ጠባቂ አኑር» እያልኩ ነበር የሄድኩት።

አቶ አበጋዝ በርኖስ ደርበው ቤታቸው መካከል ቆመዋል። ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ልጅቷ ትዕግሥት አትታይም፤ ከጓዳው መጋረጃ ሥር ግን እግሯ ይታያል።

«ይህን ከየት አመጡት?» አሉኝ።

«ከቤሩት ነው፣ ጋሼ።»

«ይመስላል። የዛሬ ስድስት ዓመት እንዲህ ያለ ሣጥን እዚህ ቤት ገብቶ ነበር። ልብሱ ያማረ፣ አነጋገሩ የለዘበ ሰው ነው ይዞት የመጣው። 'ለአባትነትዎ ክብር' አለኝ። ጠጣሁለት። አልዋሽም፣ ጣፈጠኝ። በሳምንቱ ትልቋን ልጄን ገነትን ወደዚያ አገር ይዟት ሄደ። ሁለት ዓመት ደወለች። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሆነ፣ ድምፅ የለም። ሰርግ ቤት ውስኪ ሲከፈት እወጣለሁ። ሰው ትዕቢት ይለዋል። የገዛ አፌ ነው የሚሸተኝ።»

ሣጥኑ እቅፌ ውስጥ ከበደኝ።

«እርስዎም ከዚያው አገር መጡ፣ ከዚያው ሣጥን ጋር። ትንሿንም ሊወስዱብኝ ነው?»

«አልወስዳትም።»

«እሱም አይከፋትም ብሎኝ ነበር።»

እውነታቸውን ነው፤ እንዲህ ያለውን ቃል የሚያምኑበት ምክንያት የላቸውም። መሬት ተቀመጥኩና የማላወራውን አወራሁ። እናንተም አታውቁትም። ቤሩት በገባሁ የመጀመሪያው ቤት ስልክ ተቆልፎብኝ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ለልጄ አልደወልኩም። ከዚያ ቤት ከወጣሁ በኋላም ሌላ አንድ ዓመት ከስድስት ወር አልደወልኩም፤ ያኔ የቆለፈብኝ ሰው አልነበረም። እጄ ባዶ ስለነበር አፍሬ ነው። ነገ ገንዘብ ስይዝ፣ ከነገ ወዲያ ስይዝ እያልኩ። በመጨረሻ ስደውል ልጄ «ማን ነሽ?» አለኝ።

ወይዘሮ የሺ ያን ጊዜ ነው የተናገሩት። «ዝም ያለ ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም በይኛ?»

«እኔ አልሞትኩም ነበር፣ እማዬ። ስለ ገነት ግን አላውቅም። አውቃለሁ ብዬ አልዋሽዎትም።»

መጋረጃው ተንቀሳቀሰ። አቶ አበጋዝ በርኖሳቸውን ሰብስበው ቀስ ብለው ተቀመጡ። እስከዚያ ድረስ ቆመው ነበር፣ ልብ በሉልኝ።

«አግኚልኝ አልልሽም» አሉኝ። «አገኛታለሁ ያለ ሰው ሁሉ ዋሽቶኛል። ጠይቂልኝ። ለምታገኛት ሴት ሁሉ ስሟን ንገሪልኝ፤ ስሟ እዚያ አገር ይጠራ። ይኼን ትችያለሽ?»

«ይኼንን እችላለሁ።»

«የሺ፣ የገብሱን አምጪ።»

ወይዘሮ የሺ ቤታቸው የወጣውን አረቄና ሁለት መለኪያ ይዘው መጡ። እጄ ሳላዘው ተነሣ። ሃያ አንድ ዓመት ጠርሙስ ሲታይ መነሣት የለመደ እጅ ነው፤ ልቀበላቸውና ልቀዳ ከመሬቱ ብድግ አልኩ።

«ተቀመጪ» አሉ አቶ አበጋዝ። «እዚህ ቤት የሙሽራው እናት አትቀዳም።»

እኅቶቼ፣ ሽማግሌ የላክንበት ነገር መልሱ ይህ ነበር። መጋረጃው ሥር ያለው እግር ሮጦ ወደ ጓዳ ገባ። እሳቸው ቀድተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። አማተብኩና ጠጣሁ። በሕይወቴ ሰው ሲቀዳልኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ የአረቄም የመጀመሪያዬ። ጉሮሮዬን አቃጠለኝና ከቃጠሎው በኋላ የተቆላ ገብስ ሽታ መጣ። አስሎኝ ዓይኔ እንባ ሞላ። አቶ አበጋዝ ሳቁ። «እንግዲህ አንቺ ነሽ የውስኪ አዋቂዋ!» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተጠሩ፣ ደረጀም ገብቶ ጉልበት ሳመ። ሰርጉ ለጥር ተባለ። ልንወጣ ስንል ወይዘሮ የሺ ሣጥኑን ዳሰስ አድርገው «ይቺን ብቻ ብትተዪልኝ?» አሉኝ። ጠርሙሱን አውጥቼ ሰጠኋቸው። የገነትን ሁለት ፎቶና ስልኳ የተጻፈበትን ብጣሽ ወረቀት ከትራሳቸው ሥር አምጥተው እዚያ ውስጥ አስተኙና ክዳኑን ዘጉ።

«ጠርሙሱን ይዘሽ ሂጂ» አሉ አቶ አበጋዝ። «የልጄ ድምፅ የመጣ ቀን አምጪው። ያን ቀን እጠጣዋለሁ።»

«ለሰርጉስ?» አለ ጋሽ ተክሌ፣ ቀልዱ ተመልሶለት።

«ለሰርጉ አረቄ አለ።»

«እንግዲያው ለገነት ከእኔ የበለጠ ስለት የሚገባ የለም» አለ። ወይዘሮ የሺ ሳይቀሩ ሳቁ።

ሰኞ

ስንመለስ ጠርሙሱን ደረጀ ነው በነጠላ ጠቅልሎ የያዘው። ጓሳ ላይ ስንደርስ «ለአባቷ ቃል የገባሽው ለእኔ ብለሽ ነው?» አለኝ።

«ስጀምረው ለአንተ ብዬ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። ብዙ ከተጓዝን በኋላ «ሌላ ሣጥን እሠራለታለሁ። ያለ ምስማር» አለ። እስኪሠራለት ድረስ ጠርሙሱ ዘመሮ እኅቴ ቤት፣ የገብስ ጎታ ውስጥ ተቀብሯል።

ቤሩት ስደርስ ሚስተር መጀመሪያ የጠየቁኝ «ወደደው?» ብለው ነው።

«አልጠጡትም።»

«የበረንዳውን ውሰጂ ብዬሽ ነበር።»

«እሱንም አይጠጡትም ነበር፣ ሚስተር። ከዚህ በፊት ውስኪ ይዞ ቤታቸው የገባው ሰው ነው ያስጠላቸው።» ነገሩን ስነግራቸው የቀዱትን ሳይጠጡ ብዙ ተቀመጡ።

አሁን የማስቸግራችሁ ነገር ይኸው። ስሟ ገነት አበጋዝ ነው፣ የራቤል ልጅ። ሃያ ስድስት ዓመት ይሆናታል። በግራ ቅንድቧ ላይ የማጭድ ጠባሳ አለ። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። መጨረሻ ስትደውል ከሊባኖስ ነበር፤ «በረዶ አየሁ» ብላ ነበርና ከተራራው ወገን ሳትሆን አትቀርም። ማዳም ወደ ተራራው ቤት ሲጠሩኝ እኔ እዚያ እጠይቃለሁ፤ እናንተ በየሰፈራችሁ። በረንዳ ላይ ምንጣፍ የምታራግፍ፣ ቆሻሻ ይዛ የምትወርድ፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ የአገራችን ልጅ ካያችሁ ስሟን ጠይቁልኝ። እሷ ባትሆንም የገነትን ስም ንገሯት፤ እንዲጠራ ነው ቃሌ። እሷ ከሆነች ግን ምንም አትውቀሷት። ይህን ብቻ በሏት፦ «በባዶ እጅሽ ደውዪ። አባትሽ ያልተከፈተ ጠርሙስ አላቸው።»